የማታ የሬዲዮ ውይይት፦ ወቅታዊ ጉዳይና «ይሄ ነገር ለምን ይሆን?» በአንድ ምሽት ይሄዳሉ?

የማታ ፈረቃ

ሰላም ለሁላችሁ። የማታ የውይይት ፕሮግራም አዘጋጅ ነኝ። ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው የቀኑን ጉዳይ ይዘን ከእንግዳና ከደዋዮች ጋር እንወያያለን። ምርጫ፣ አዲስ የወጣ ሕግ፣ የኑሮ ውድነት፣ ጦርነትና ድርድር፣ የመጣው ይስተናገዳል። በሁለተኛው ደግሞ አድማጭ የሚልክልንን «ይሄ ነገር ለምን ይሆን?» የሚል ጥያቄ እንመልሳለን። ጣት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለምን ይጨማደዳል? የራሳችን ድምፅ ተቀድቶ ስንሰማው ለምን የሌላ ሰው ይመስለናል? ጨረቃ ገና ስትወጣ ለምን ትልቅ ትሆናለች?

አሁን ጣቢያው ውስጥ ክርክር ተነስቷል። ሁለተኛው ክፍል ይቅር፣ ሰዓቱ በሙሉ ለወቅታዊ ጉዳይ ይሁን የሚሉ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ሁለቱም ክፍሎች ለኔ አንድ ሥራ ናቸው። ሥራው «በምን አወቅን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ጨረቃ የነገርነውን መልስ የሚሞግት አድማጭ፣ በማግስቱ አንድ ባለሥልጣን ቁጥር ሲጠራ «ይሄ ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን በደዋዮቻችን ላይ በደንብ አይቼዋለሁ።

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። እንደ አድማጭም እንደ ባለሙያም፣ ሁለቱን በአንድ ምሽት ማቅረብ ያስኬዳል? ካስኬደ እንዴት ቢቀርብ ይሻላል? ፊት ለፊት ጻፉልኝ።

ቀጥታ ልናገር

እህቴ፣ አክብሬሽ ነው የምናገረው። ሰው ማታ ደክሞት ይገባል። ሬዲዮ የሚከፍተው ዛሬ ምን ተፈጠረ ብሎ ነው። ጣት ለምን ይጨማደዳል የሚለውን ስልኩ ላይ ፈልጎ በደቂቃ ያገኘዋል። ወቅታዊ ጉዳይ ላይ ግን ደዋይ ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር «ይቅርታ፣ ሰዓታችን አልቋል» ይባላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መስመር ያገኘ ሰው ቆርጠው ይጥሉታል፣ ከዚያ ስለ ጨረቃ ያወራሉ። የአየር ሰዓት ቀልድ አይደለም። ሕዝብ ስለ ኑሮው የሚናገርበት ሌላ ቦታ ብዙ የለውም።

ፊዚክስ መምህር

«ስልኩ ላይ በደቂቃ ያገኘዋል» ያልከው ላይ ልቁም። ያገኛል፣ ግን ምን ያገኛል? የጣቱን ጥያቄ ውሰድ። ብዙ ሰው የሚሰጥህ መልስ «ቆዳው ውሃ መጥጦ አብጦ ነው» የሚል ነው። ለማመን ቀላል ነው። ችግሩ፣ ነርቩ የተጎዳ ጣት ውሃ ውስጥ ቢቆይም አይጨማደድም። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ቆዳውም ያው ቆዳ። ሐኪሞች ይህን ያስተዋሉት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ስለዚህ ነገሩ የመምጠጥ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። እጅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሲቆይ ነርቮች በጣት ጫፍ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠብቧቸዋል። ከቆዳው ሥር ያለው ክፍል መጠኑ ይቀንሳል፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሳብና ይሸበሸባል። ሐኪሞች የነርቭን ጤንነት ለመፈተሽ ተጠቅመውበታል። ይሄ መሸብሸብ ምን ይጠቅማል ለሚለው ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙም። እርጥብ ዕቃ ለመጨበጥ ይረዳል የሚል ጥናት አለ፣ ሞክረን ልዩነት አላየንም የሚልም አለ።

እንግዲህ አድማጭ ይህን ሲሰማ ምን እንዳገኘ አስበው። ልብን የሚያሳርፍ ማብራሪያ አንድ የማይስማማው እውነት ሲመጣበት እንዴት እንደሚወድቅ ሰምቷል። የትኛው የታወቀ፣ የትኛው ገና ያልተቋጨ እንደሆነም ሰምቷል። ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ የሚያስፈልገው ጆሮ ይሄው ነው።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ ቤት ሬዲዮ የሚከፈተው ለሁለተኛው ክፍል ብለው ልጆቹ ስለሚያስታውሱኝ ነው። እነሱ ቀድመው ይከፍቱታል፣ ስለዚህ ውይይቱንም አብረው ይሰማሉ። ትልቁ ልጄ «እማ፣ ድርድር ማለት ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ከዚያ ሰምቶ ነው። ክፍሉ ከቀረ ልጆቼ የሚሰሙት ወቅታዊ ጉዳይ አይኖርም። ይሄን እንደ አንድ ድምፅ ቁጠሩልኝ።

ዜና ክፍል

ዜና ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለታችሁም ላይ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ሰዓትን በተመለከተ። ወቅታዊ ጉዳይ ብዙ ሰዓት ቢሰጠው ይሻሻላል የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንድ ቀን የሚወራ የለም፣ ያን ጊዜ አቅራቢው ያንኑ ወሬ ያላምጣል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1930 ምሽት ቢቢሲ የዜና ሰዓቱ ሲደርስ ዛሬ ዜና የለም ብሎ ተናገረና ቀሪውን ጊዜ ፒያኖ አሰማ። ዛሬ እንዲህ የሚደፍር ጣቢያ የለም። በሌለ ነገር ላይ ግምት እየደራረቡ ሰዓት ከመሙላት ግን የተጣራ የአድማጭ ጥያቄ መመለስ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ደግሞ ሬዲዮ ሲጀመርም ቢሆን እንደዚሁ ተቀላቅሎ ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920 በአሜሪካ ፒትስበርግ ኬዲኬኤ የሚባለው ጣቢያ የሃርዲንግንና የኮክስን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ምሽቱን እየተከታተለ አስተላልፏል። ውጤት እስኪመጣ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። በመሃል «የምትሰሙን ካላችሁ አሳውቁን» እያለ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ወቅታዊ ጉዳይ፣ ጨዋታና የአድማጭ ድምፅ ያን ጊዜም አንድ ምሽት ላይ ነበሩ።

ሁለተኛው ነገር አቀራረብ ነው። በጽሑፍ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። በሬዲዮ ያለፈ አለፈ። እኛ ግን «ፈተናው ተሰርዟል ሲሉ አንድ ተማሪ ተናገሩ» እንላለን። ተናጋሪው እስኪጠራ ድረስ አድማጩ ፈተናው መሰረዙን አምኖ ጨርሷል፣ ግማሹም ለጎረቤቱ ነግሯል። ማን እንዳለው ይቅደም፣ ከዚያ ምን እንዳለ። «ስሙን ያልገለጸ አንድ ተማሪ እንደነገረን» ብለህ ብትጀምር ጆሮ ከመጀመሪያው ይጠነቀቃል። ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ሦስት ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ከጠራህ አንዱም አይቀርም። አንዱን ምረጥ፣ አጠጋግተህ ንገረው፣ ከአምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ጨምርበት።

አሮጌ ሬዲዮ

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሬዲዮ ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ምናልባት ለፕሮግራሙም ይሆናል። በድሮው ሬዲዮዬ ቀን ላይ የማይሰማ የሩቅ አገር ጣቢያ ፀሐይ ስትጠልቅ ከች ይላል። ሌሊቱን ይሰማል፣ ሊነጋ ሲል እየደከመ ይጠፋል። ኤፍ ኤም ላይ ግን እንዲህ ሲሆን አላየሁም። ምክንያቱን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከመስታወቱ ጀርባ

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስልዎት፣ ቴክኒሻን ነኝ።

የድሮው ሬዲዮዎ ያን ጊዜ የሚይዘው መካከለኛ ሞገድ ይመስለኛል፣ ከ530 እስከ 1700 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያለው። ከምድር ወደ ላይ 60 ኪሎሜትር ካለፉ በኋላ በፀሐይ ጨረር በኤሌክትሪክ የተሞሉ የአየር ንብርብሮች አሉ። ቀን ቀን ዝቅ ብሎ ያለው ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብርብር በፍጥነት ይሳሳል። ያን ጊዜ ሞገዱ አልፎ ወደ ላይኛው ንብርብር ይደርሳል። የላይኛው ሌሊትም ስለማይጠፋ ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሰዋል። ተመልሶ የሚያርፈው ብዙ መቶ ኪሎሜትር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ርቆ ነው። ሲነጋ የታችኛው ንብርብር እንደገና ስለሚፈጠር ጣቢያዎ ይጠፋል።

ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው። ይህ ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ንብርብሮቹን በስቶ ወደ ጠፈር ይወጣል እንጂ አይመለስም። ስለዚህ አንቴናው ከሚታይበት አካባቢ ብዙም አያልፍም። ጣቢያዎች አንቴናቸውን ተራራ ላይ የሚሰቅሉት ለዚህ ነው።

አሮጌ ሬዲዮ

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ለካ ፀሐይ ኖራለች የምትከለክለኝ።

ቀጥታ ልናገር

እሺ፣ ይሄኛው ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። ግን ዋናው ጥያቄዬ አልተመለሰም። ሰው የሞተበት ዜና ተወርቶ፣ ደዋይ እያለቀሰ ተናግሮ ሲያበቃ አቅራቢዋ ድምጿን ቀይራ «እንግዲህ አሁን ወደ አዝናኙ ክፍላችን እንለፍ» ስትል ሰምቼ ሬዲዮዬን ዘግቼዋለሁ። የሰው ሐዘን መሸጋገሪያ ተደረገ ማለት ነው። ይህን እንዴት ታስተካክሉታላችሁ?

የማታ ፈረቃ

ወንድሜ፣ በዚህ ልክ ነህ። እኔ የማምንበትን ልንገርህ። እንዲህ ያለ ምሽት ሁለተኛው ክፍል በሰዓቱ መግባት የለበትም። ደዋዩ ይጨርስ። ከዚያ ዝም እንበል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ። ሬዲዮ ላይ ሦስት ሰከንድ ዝምታ በጣም ረጅም ነው፣ ግን አድማጭ ዝምታ ሲገባው ያውቃል። ከዚያ ግጥም የሌለው ሙዚቃ። ከዚያም አቅራቢው በዚያው በነበረው ድምፅ «የዛሬውን ጥያቄ ለነገ አስተላልፈነዋል» ቢል ማንም አይቆጣም። «አዝናኝ» የሚለውን መጠሪያም ከክፍሉ ላይ ማውጣት አለብን። አዝናኝ ስንለው ነው ከሐዘን ጋር የሚጋጨው። ጥያቄ ስንለው አይጋጭም።

ደዋይ የሚቆረጥበትን ነገር ግን ሁለተኛውን ክፍል በማጥፋት አንፈታውም። ደዋይ የሚቆረጠው እኛ ሦስት እንግዳ ጠርተን፣ ሦስቱም አንድ አይነት ነገር እየደጋገሙ ሰዓቱን ስለሚበሉት ነው። አንድ የሚያውቅ እንግዳና የሚጠይቅ ሕዝብ ቢኖር ሰዓቱ ይበቃል። እንግዳው ሲናገርም ማቋረጥ ያለብን «በምን አወቁ?» ብለን ነው። «እኔ እንደሚመስለኝ» ካለ ይበል፣ አድማጩ ግምት መሆኑን ይወቅ። ሰነድ አይቼ ነው ካለ የትኛውን ሰነድ እንደሆነ ይናገር። ይህን ጥያቄ ከሁለተኛው ክፍል ነው የተማርነው፣ ምክንያቱም እዚያ ልጅ ይደውልና «እንዴት አወቃችሁ?» ይላል፣ መሸሻ የለንም።

ፊዚክስ መምህር

ለሁለተኛው ክፍል አንድ ጥያቄ ልስጥሽ፣ ስለ ራሱ ስለ ሬዲዮ የሆነ። አንድ ዘፋኝ አዳራሽ ውስጥ በቀጥታ ስርጭት ይዘፍናል እንበል። ማይኩ አፉ ሥር ነው። አንዱ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከዘፋኙ 10 ሜትር ርቆ ተቀምጧል። ሌላው 3000 ኪሎሜትር ርቆ ሬዲዮውን ጆሮው ሥር ይዞ ይሰማል። ድምፁ ቀድሞ የሚደርሰው ለማን ነው?

ለሩቁ ነው። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 10 ሜትር ለመድረስ 29 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት፣ በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ይሄዳል። 3000 ኪሎሜትሩን በ10 ሚሊሰከንድ ይጨርሰዋል። አዳራሽ ውስጥ ያለው ሰው ይዘገያል። ልጆች ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም፣ ራሳቸው ሲያካፍሉት ነው የሚያምኑት።

ከመስታወቱ ጀርባ

መምህር፣ ስሌቱ ልክ ነው፣ ግን አየር ላይ ሲነገር ሁኔታው አብሮ መነገር አለበት። ይህ የሚሠራው ድምፁ ከማይኩ በቀጥታ ወደ ማሰራጫው ሄዶ፣ በአናሎግ ተሰራጭቶ፣ በአናሎግ ሬዲዮ ሲሰማ ነው። አጭር ሞገድን አስቡ። ዛሬ ድምፁ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ ዲጂታል ይሆናል። በሳተላይት ካለፈ ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደርሶ መልሱ 72,000 ኪሎሜትር ይሆናል፣ ይሄ ብቻውን ወደ ሩብ ሰከንድ ይጠጋል። በኢንተርኔት የሚሰማ ሰው ደግሞ ብዙ ሰከንድ ይዘገያል። ያን ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በትልቁ ይቀድማል።

ፊዚክስ መምህር

ትክክል ብለሃል፣ እንዲህ ተሟልቶ ነው መቅረብ ያለበት። በነገራችን ላይ የአንተ እርማት ራሱ ጥሩ የአየር ሰዓት ይወጣዋል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው «ልክ ነው፣ ግን እንዲህ ከሆነ ብቻ» ይላል። በወቅታዊ ጉዳይ ውይይት እንዲህ የሚነጋገሩ ሁለት እንግዶች ብሰማ እንዴት ደስ ባለኝ።

ዜና ክፍል

ስለ ወሬና ስለ ሬዲዮ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በየስልጠናው እንደ ማስፈራሪያ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1938 ምሽት በአሜሪካ ሲቢኤስ ሬዲዮ የማርስ ፍጡራን ምድርን ሲወሩ የሚያሳይ ድራማ በሰበር ዜና መልክ አስተላለፈ። በማግስቱ ጋዜጦች ሕዝቡ በድንጋጤ አገር ጥሎ ሸሸ ብለው ጻፉ። ሁላችንም ይህን ስንደግም ኖረናል። በዚያው ምሽት በስልክ በተደረገ የአድማጭ ጥናት ግን ያንን ድራማ እየሰማሁ ነው ያለው 2 ከመቶ ገደማ ነበር። ብዙው ሰው ሌላ ጣቢያ ላይ የታወቀ አዝናኝ ፕሮግራም እየሰማ ነበር። የደነገጡ ሰዎች ነበሩ፣ ጣቢያውና ፖሊስም ስልክ ተደውሎላቸዋል። አገር ምድሩ ተናወጠ የሚለው ግን በጋዜጦች የተጋነነ ነው። ጋዜጦቹ በጊዜው ማስታወቂያ እየወሰደባቸው ባለው ሬዲዮ ደስተኞች አልነበሩም።

ይህን የማነሳው ለዚህ ውይይት ነው። ስለ ሐሰተኛ ወሬ የሚነገረው ማስጠንቀቂያ ራሱ ሳይጣራ ለአሥርተ ዓመታት ሲደጋገም ኖሯል። እንግዲህ ይህን ታሪክ በየትኛው ክፍል ታቀርቢዋለሽ? በወቅታዊ ጉዳይ ወይስ በ«ለምን ይሆን?» እኔ በበኩሌ በሁለቱም።

ቀጥታ ልናገር

ይሄን ድንጋጤ እኔም አምኜ ነበር የኖርኩት። ጥሩ።

እንግዲያው የኔን አቋም ላስተካክል። ሁለተኛው ክፍል ይኑር፣ ግን የመጀመሪያው ክፍል ቋንቋ ይቅለል። «ከማክሮ ኢኮኖሚ አኳያ»፣ «ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት» እየተባለ ሰው ምን ይረዳል? ጨረቃን ስታብራሩ የምትጠቀሙበትን ቋንቋ ለባንክ ወለድም ተጠቀሙበት። ያን ጊዜ ከሥራ ደክሞ የገባው ሰውም ይሰማችኋል።

ዜና ክፍል

ወንድሜ፣ ይሄ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 1933 እሁድ ምሽት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሬዲዮ ቀርቦ ስለ ባንክ ተናገረ። የአሜሪካ ባንኮች ተዘግተው ነበር። ሰው ገንዘቡን እያወጣ ቤቱ ያስቀምጥ ነበር። ሩዝቬልት ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ገንዘብህን ባንክ ስታስገባ ባንኩ ካዝና ውስጥ ቆልፎ እንደማያስቀምጠው፣ ለብድርና ለቦንድ እንደሚያውለው፣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አውጣልኝ ካለ ጤነኛ ባንክም ሊከፍል እንደማይችል በተራ ቋንቋ አስረዳ። በማግስቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ ሰው ለማውጣት ሳይሆን ለማስገባት ተሰለፈ። ንግግሩ ብቻውን አላደረገውም፣ ከጀርባው ሕግ ወጥቷል፣ መንግሥትም ባንኮቹን መርምሯል። ሕዝቡ ግን የተባለው ገብቶታል።

የሁለት ልጆች እናት

ስለ ደዋዮች ልጠይቅ። ልጄ አንዴ ደውሎ ተሳክቶለት ነበር፣ ግን ገና «ሄሎ» ሲል ድምፁ እየተደጋገመ ተመለሰበትና ደንግጦ ዝም አለ። አቅራቢው «ሬዲዮህን ቀንሰው» አለው። ልጁ ጥፋት ያጠፋ መሰለው። ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው?

ከመስታወቱ ጀርባ

ልጅሽ ምንም አላጠፋም፣ ንገሪው። የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ በስልክ ይናገራል፣ ድምፁ ስቱዲዮ ይደርሳል፣ ከስቱዲዮ ይሰራጫል፣ ቤታችሁ ባለው ሬዲዮ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ በስልኩ ተመልሶ ይገባል። ክብ ይሆናል። ስለዚህ ይደጋገማል፣ አንዳንዴም ያፏጫል። ብዙ ጣቢያዎች ደግሞ ደዋይ ሲኖር ስርጭቱን ሆን ብለው ጥቂት ሰከንድ ያዘገዩታል። ስድብ ወይም የሰው ስም የሚያጠፋ ነገር ከተነገረ አየር ላይ ሳይወጣ የምንቆርጥበት ቁልፍ አለን። መዘግየቱ ሲኖር ልጅሽ የሚሰማው የቅድሙን ድምፁን ነው። የራሱን ድምፅ በትንሹም ቢሆን ዘግይቶ የሚሰማ ሰው፣ የሰከንድ አንድ አምስተኛ እንኳ ቢሆን፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ትልልቅ ሰዎችም ይንተባተባሉ። ሬዲዮውን መቀነስ ብቻ ሳይሆን መዝጋት ወይም ሌላ ክፍል ሄዶ መደወል ነው መፍትሔው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ጆሯችን የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ነው። «ሰ»ንና «ፈ»ን የሚለየው ሹክሹክታ አብዛኛው ከ3400 በላይ ስለሆነ በስልክ ይጠፋል። አቅራቢ የደዋይን ስም ተሳስቶ ሲጠራ ብትሰሚ ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ስልክ የሚያነሳው ልጅ ስሙን ፊደል በፊደል ጠይቆ፣ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጽፎ ነው በስክሪን ለአቅራቢዋ የሚልከው።

የማታ ፈረቃ

ያቺ የአንድ መስመር ጽሑፍ ፕሮግራሙን ትይዘዋለች። ልጁ «ስለ ትምህርት ቤት» ብሎ ብቻ ከጻፈልኝ በጭፍን ነው የምገባው። «አስተማሪ ነኝ ትላለች፣ አዲሱ መጽሐፍ አልደረሰንም ትላለች፣ ራሷ ያየችው ነው» ብሎ ከጻፈልኝ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ ወደ ነገሩ እገባለሁ። «ራሷ ያየችው ነው» የምትለዋን ሁልጊዜ እንዲጨምር ነግሬዋለሁ። የሰማ ሰውና ያየ ሰው እኩል አይጠየቁም።

ለነገ ማታ ደግሞ ለልጆችሽ ሥራ አለኝ፣ የጨረቃውን ጥያቄ ስለምናቀርብ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ ገና ስትወጣ ክንዳቸውን ወደፊት ዘርግተው በትንሿ ጣታቸው ጥፍር ይሸፍኗት። ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ከፍ ስትል እንደገና ይሸፍኗት። ያገኙትን ደውለው ይንገሩን።

የሁለት ልጆች እናት

ነገን አልጠበቁም፣ ዛሬውኑ ወጥተው አደረጉት። ስትወጣ ትልቅ መስላ ነበር፣ ግን ጥፍሩ ሸፈናት። ከፍ ካለች በኋላም ያው ጥፍር ሸፈናት። ትንሿ ልጄ ጣቷ የተሳሳተ መስሏት ወንድሟን አስለክታዋለች። ታዲያ መጠኗ ካልተለወጠ ለምን ትልቅ መስላ ታየችን?

ፊዚክስ መምህር

ልጆችሽ ለካ ሳይንቲስቶች ናቸው። መጠኗ አይለወጥም፣ ሰማይ ላይ የምትይዘው ቦታ ሁልጊዜ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲያውም ከአናታችን በላይ ስትሆን ትንሽ ትቀርበናለች። ትልቅ የሚያደርጋት አእምሯችን ነው። ከአድማሱ አጠገብ ስትሆን ከዛፍና ከተራራ ጋር ስለምናያት ሩቅ እንደሆነች እንገምታለን፣ ሩቅ ሆኖ ይህን ያህል የሚታይ ነገር ደግሞ ትልቅ መሆን አለበት እንላለን። ይህ በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተቋጨም። «አልተቋጨም» የሚለውን አየር ላይ መናገር እንዳትረሱ።

አሮጌ ሬዲዮ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ሰዓት ሲሞላ የሚሰማውን ጢት ጢት ይዤ ሰዓቴን አስተካክላለሁ፣ ከድሮ ጀምሮ። ልጄ ሬዲዮን በስልኩ መስማት ከጀመረ ወዲህ ግን የሱ ጢት ከኔ ወደ ኋላ ይቀራል። ማንኛችን ነን ልክ?

ከመስታወቱ ጀርባ

እርስዎ ነዎት ጋሼ። ቢቢሲ ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1924 ነው የጀመረው፣ ስድስት ጢት ነው። የመጨረሻው ረዘም ይላል፣ ሰዓቱ የሚሞላውም እሱ በጀመረበት ቅጽበት ነው። በአናሎግ ሬዲዮ፣ ጣቢያው ስርጭቱን ራሱ እስካላዘገየው ድረስ፣ ልዩነቱ በጆሮ አይታወቅም። ልጅዎ በኢንተርኔት ሲሰማ ግን ድምፁ ይታመቃል፣ ተቆራርጦ ይላካል፣ እንዳይቋረጥ ስልኩ ላይ ጥቂት ይጠራቀማል፣ ከዚያ ነው የሚሰማው። ብዙ ሰከንድ ይቀራል፣ አንዳንዴም ከግማሽ ደቂቃ ያልፋል። ልጅዎ ሰዓቱን ማስተካከል ከፈለገ የስልኩን ሰዓት ይመን፣ ስልክ ሰዓቱን ከኔትዎርክ ነው የሚያገኘው። እርስዎ ደግሞ በሬዲዮዎ ይቀጥሉ።